መያዣ የሌለው ደረጃ

ልጄ ፍኖተ ሰላም ላይ ፎቅ ሠራና እኔን እላዩ ላይ ሰቀለኝ። አከበርኳት ብሎ እኮ ነው! «እናቴ ከኔ በላይ ትኑር» እያለ ለሰው ሁሉ አወራ፤ ሰዉም «እሰይ፣ የተባረከ ልጅ» አለው። እሱና ሚስቱ እታች፣ እኔ እላይ። መጀመሪያ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፣ ምን እደብቃለሁ። ከላይ ሆኜ የሰፈሩን ግቢ ሁሉ አያለሁ። የማን ዶሮ የማን ጎመን ውስጥ እንደገባች ከባለቤቷ ቀድሜ የማውቅ እኔ ነኝ። በሦስተኛው ቀን ግን ልወርድ ተነሳሁና ደረጃውን ከላይ ወደ ታች አየሁት። የዚያን ቀን የተነሳብኝ ንዴት ይኸው እስከ ዛሬ አልበረደልኝም።

ደረጃው ከቤቱ ውጭ ነው፣ በግድግዳው ጎን ተለጥፎ የሚወጣ፤ አሥራ ሁለት እርከን። የሚያብረቀርቅ ነጭ ሴራሚክ አልብሰውታል። ፀሐይ ሲወጣ ዓይን ይወጋል፣ ዝናብ ሲመጣ እንደ ሳሙና ያሙለጨልጫል። በአንድ ጎኑ ግድግዳ አለ፣ በሌላው ጎኑ ምንም። ምንም ስል ምንም! የሚጨበጥ ብረት የለ፣ እንጨት የለ፣ ገመድ እንኳ የለ። ደግሞ የላይኛው እርከን ከሌሎቹ አራት ጣት ይረዝማል። ግንበኛው ደረጃውን ቀድሞ ሠራና በኋላ እላይ ወለሉ ላይ ሲሚንቶና ሴራሚክ ሲደረብ ወለሉ ከፍ አለ፣ ደረጃው ባለበት ቀረ። እግር ሞኝ ነው፤ አሥራ አንዱን እኩል ካገኘ አሥራ ሁለተኛውም እንደዚያው ነው ብሎ ይሄዳል። ሲወርዱ ደግሞ መጀመሪያ የሚያገኙት እሱን ነው፤ እግር ተዘርግቶ ይፈልገዋል፣ ያጣዋል።

«አንተ፣ ይኸን ደረጃ ማን መረጠው?» አልኩት ልጄን።

«ስልክ ላይ አይቼ ነው እማዬ። ዘመናዊ ነው። አያምርም?»

«ያምራል። ስልኩ እግር አለው?»

«እማዬ ደግሞ!»

«መያዣውስ የታል?»

«ሀንድሬሉን ነው? እሱ መጨረሻ ላይ ነው የሚገባ። በያጁ ይመጣል፣ አያስቡ።»

በያጁ ይመጣል! ሙሽራ እንኳ እንዲህ አይጠበቅም። ከፋሲካ በኋላ ተባለ፣ ከግንቦት ልደታ በኋላ ተባለ። ሰኔ ገባ፣ ዝናቡ መጣ፣ በያጁ አልመጣም።

እኔ መውጣት መውረድ የማላውቅ ሴት አይደለሁም። ቡሬ ገጠር ሳለን ቤታችን ቆጥ ነበረው፤ ዳጉሳውና በቆሎው እላይ፣ ፍየሎቹ እታች። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቁጡ ሰው ነበር፤ ስድቡ ከጅራፉ ይብስ ነበር። መሰላል ሲሠራ ግን እንደሱ ያለ ጨዋ አልነበረም። «ነይማ፣ እዚህ ቁሚ» ይለኛል። ያቆመኝና ከተረከዜ እስከ ጉልበቴ በስንዝሩ ይለካል፤ በዚያ ልክ ነው መርገጫውን በጠፍር የሚያስር። ለምን እኔን? ቆጡ ላይ የምወጣ እኔ ነኛ! በኛ አገር መሰላል የሚለካ በሚወጣበት ሰው ነው። ጎረቤት ሊዋስ ቢመጣ እንኳ «ለማን እግር?» ይባላል፤ የረጅም ሰው መሰላል ለአጭር ሰው አይሰጥም። ሠርቶ ሲጨርስ መጀመሪያ ራሱ ይወጣበታል፣ እያንዳንዷን መርገጫ ይደበድባታል፣ እግሮቹን ቆፍሮ ይቀብራቸዋል። ጫፉንም ከቆጡ በላይ አንድ ክንድ ያስተርፈዋል፣ ስደርስ የምጨብጠው እንዳላጣ። ከዚያ ነው «በይ ውጪ» የሚለኝ። ይኸ ፎቅ የሠራው ልጄ በዚያ መሰላል ጀርባዬ ላይ ታዝሎ ስንቴ ወጥቷል! አንድ ቀን አልጣለንም። ታዲያ አባቱ በስንዝር ያወቀውን እሱ በስልክ አጣው።

እንግዲህ ምን አደርጋለሁ? ሰው በማያይበት ሰዓት በቂጤ መውረድ ጀመርኩ። አንድ እርከን፣ ቁጭ፤ አንድ እርከን፣ ቁጭ። አንድ ቀን ምራቴ ያዘችኝ።

«ውይ እማማ! ምን እያደረጉ ነው?»

«ደረጃውን እየወለወልኩልሽ ነው እቴ። ቆሽሾብሽ አየሁት።»

እሷ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ቀሚሴ ከኋላው ሳስቶ ወንፊት ሆኗል።

ከመንገዱ ማዶ አንዲት ባልቴት ነበረች፣ ከተማ ገብቼ ያገኘኋት የመጀመሪያ ወዳጄ። ጠዋት ጠዋት ኪዳን ልታደርስ ስትሄድ ደጃችን ላይ ቆማ ትጮሃለች።

«አንቺ ቆጥ ላይ ያለሽ ዶሮ! እንቁላልሽን ጣልሽ ወይስ ገና ነሽ?»

«አንቺስ ድመት፣ ምን ታንጋጥጫለሽ?»

«ውረጂ፣ ብቻዬን ልሂድ?»

«የሚያወርደኝ ገና አልተነሳም።»

«እንግዲያ መያዣ ስጣት ብዬ ጸልዬልሽ እመጣለሁ!» ትልና እየሳቀች ትሄዳለች። ስትመለስ ደግሞ እምነቱን በወረቀት ጠቅልላ ለምራቴ ትሰጥልኛለች።

ሰኔ መጨረሻ ላይ አንድ ጠዋት ሳትጮህ ቀረች። ረፋዱ ላይ ከግቢዋ እሪታ ሰማሁ። ልጄ እህል ሊገዛ ቡሬ ወርዷል፣ ምራቴ ገበያ ነች፣ ዝናቡ ይወርዳል። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለብሼ ደረጃው አፍ ላይ ቆምኩ። ተጣራሁ፤ በዝናቡና በለቅሶው ማን ይሰማኛል? በቂጤ ልወርድ ተቀመጥኩ፣ እግሬን ሰደድኩ፣ ያችን ረጅም እርከን አጣኋት፤ ሴራሚኩ ከሥሬ ሾለከ። ግድግዳውን በጥፍሬ ቧጥጬ ነው የተመለስኩ።

ከዚያ ሆኜ አየሁ። ሬሳዋ ሲወጣ አየሁ፤ ሰዉ ጃንጥላውን ዘርግቶ ሲከተላት፣ እመንገዱ መታጠፊያ ላይ እስኪሰወር አየሁ። ብቻዬን እላይ ደረቴን መታሁ። በኛ አገር ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ምን እንደሚባል የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ለኔ ደግሞ የተለየ ተገኘልኝ፤ «ወዳጇ እኮ እንደ ሠርግ ከፎቅ ሆና አየቻት» ተባለ። ከዚያ ወዲያ በምን ፊቴ ግቢዋን ልርገጥ?

ልጄ ሲመለስ «ደስ ይበልህ» አልኩት፤ «ወዳጄ ስትቀበር ከሰገነት ላይ እንደ ንጉሥ ቆሜ አየሁልህ።»

«እማዬ፣ በያጁ ሰኞ...»

«በያጅህን እዚያው አፍህ ውስጥ አስቀምጠው።»

ሳምንት አለፈ፣ ሁለት ሳምንት አለፈ፤ የሚካኤል ማኅበር ተራው ለኔ ደረሰ። እዚህ ላይ ያለችው ጥፋት የኔ ናት፤ ሌላ ሰው ከሚናገራት እኔው ልናገራት። ምራቴ እላይ ክፍሌን ቄጠማ ስትጎዘጉዝ፣

«ደረጃውንም ጎዝጉዢው» አልኳት።

«እማማ፣ አያንሸራትትም?»

«ጽዋ የሚወጣበት መንገድ ባዶውን ይቀር? ምን ይሉናል?»

ገጠር ደጃፉም ይጎዘጎዛል። መሬቱ አፈር ነዋ፤ ሣሩ አፈሩን ይይዛል፣ አፈሩ ሣሩን ይይዛል። ሴራሚክ ማንን ይይዛል? ይኸ ክፋት ብቻ!

ሰዉ ሲወጣ በግድግዳው በኩል እየታከከ፣ አንዱ አንዱን እየጎተተ ወጣ። ጽዋው ተጠጣ፣ ተመረቀ። የነፍስ አባቴ ሊወርዱ ተነሱ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ዓይናቸውም ደክሟል።

«አባ፣ ልያዝዎ» አልኳቸው።

«ተይኝ ልጄ፣ ገና ጎረምሳ ነኝ።»

እግራቸው ያችን ረጅም እርከን ፈለገ፣ አጣት። ሣሩ ላይ አረፈ። እጃቸው የሚይዘው ፈለገ፤ አየሁት፣ ጣታቸው ባዶውን ሲጨብጥ አየሁት። ከዚያ እስከ ታች ወረዱ። ሴቱ ሁሉ ጮኸ። እኔ እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም፤ በቂጤ ይሁን በግንባሬ፣ ብቻ አጠገባቸው ደረስኩ።

«አባቴ! ተረፉ? ኧረ ይናገሩ!»

ጥምጥማቸው ወልቆ ጭቃው ውስጥ ተኝተዋል። ሰማዩን ትንሽ አዩና፣

«ልጄ» አሉኝ፣ «ያዕቆብ ባየው መሰላል የሚወጡ የሚወርዱ መላእክት ነበሩ። ክንፍ አላቸው፣ መያዣ አላሹም። ልጅሽ ይኸን የሠራው ለማን ነው?»

ሰዉ እንዳይስቅ ከንፈሩን ነከሰ። ወጌሻ ተጠራ። የተሰበረው ቀኝ እጃቸው ነው፣ መስቀል የሚያሳልሙበት።

እንግዶቹ ሲሄዱ ልጄ አጠገቤ መጥቶ ቀስ ብሎ «ሣሩ ነው እማዬ» አለኝ። «ሣሩ ባይኖር ኖሮ...»

ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው የባሰ ያቃጠለኝ! ሙሉ ውሸት ቢሆን በሳቅ አልፈው ነበር።

«ሣሩ የኔ ነው፤ ንስሐዬን ራሴ እገባበታለሁ። መያዣውስ የማን ነው? የሚጨብጠው ያገኘ ሰው ቢንሸራተት ደንግጦ ይቀራል፣ ያጣ ይሰበራል። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ! አንተ ማንን መጠንህ? እኔን ለክተኸኛል? እናትህ አንድ ክንድ ትሁን ሁለት ክንድ ታውቃለህ?»

 እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ አልወጣም አልኩ። እታች ሳሎን አስተኙኝ፤ ቀን ቀን ግን አጎዛዬን ይዤ ደረጃው ሥር ሁለተኛው እርከን ላይ እቀመጣለሁ፣ ከበሩ የገባ ሁሉ እንዲያየኝ። ልጄ የእህል ነጋዴ ነው፣ ግቢው ሰው አይለየውም።

«እማማ፣ ምነው እዚህ ብርድ ላይ?»

«በያጅ እየጠበቅሁ ነው። በመንገድህ ካገኘኸው ሰላም በልልኝ።»

አንዱ ከቋሪት የመጣ ነጋዴ ልጄን ዞር ብሎ አየውና «አንተ፣ ፎቅ ሠርተህ እናትህን ደጅ ጣልካት?» አለው። ልክ ልኩን አጠጣልኝ! በሦስተኛው ቀን በያጁ መጣ። ለካ ቤቱ ከኛ ሦስት ቤት አልፎ ነው።

ሜትሩን መዘዘ። «ክተታት» አልኩት። «ና እኔን ለካ።»

«እማማ፣ ስታንዳርድ አለው እኮ።»

«ስታንዳርዱ ይወጣል ይወርዳል?»

እየሳቀ መጣ። እርከን ላይ ቆምኩ፣ እጄ ሳልጎነበስ ሳልንጠራራ የሚያርፍበትን ወገቤ ላይ አሳየሁት፣ እዚያ ላይ ምልክት አደረገ። ያመጣው ብረት ወፍራም ነበር፤ ጨብጬ አየሁት፣ ጣቴና አውራ ጣቴ አልተገናኙም። «ይኸ የጎረምሳ ብረት ነው፣ መልሰው» አልኩት። ቀጠን ያለ አመጣ። «ጫፉን ደግሞ ከላይኛው እርከን አንድ ክንድ አሳልፈው» ስለው፣ ቆሞ ያይ የነበረው ልጄ አንገቱን ደፋ። የአባቱ መሰላል ትዝ ብሎት ይሆናል። ይሁን፣ ይትዝ።

ግንበኛውም ተጠርቶ መጣ። ያ ነጭ ሴራሚክ ሲሰበር የልጄ ፊት የለቅሶ ቤት ይመስል ነበር። ያችን አራት ጣት ለሁሉም እርከን እንደ ድፎ ዳቦ አካፈሏት፤ ከታች ጥቂት፣ ወደ ላይ እየጨመሩ፣ ሁሉም እኩል እስኪሆን። ሲሚንቶው ሳይደርቅ እኔ መጥረጊያ ይዤ እያንዳንዱን እርከን ጨረጨርኩት፣ እግር እንዲቆነጥጥ። ግንበኛው «አበላሹብኝ» አለ። «አንተ አሳምረህ ሰው ሰበርክ፣ እኔ አበላሽቼ ላትርፍ» አልኩት።

አሁን ደረጃው ላይ ሕግ አለ፣ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሣር የለም፣ ሚካኤል ቢመጣም የለም። ጫማ አውልቆ እርከን ላይ መተው የለም። ጀሪካን በአንድ እጅ፣ ብረቱ በአንድ እጅ፤ ሁለት እጅ የሚፈልግ ዕቃ ሁለት ሰው ይፈልጋል። መብራትም ከላይም ከታችም እንዲበራ አስደረግሁ፤ ከዚያ ነው ወደ ላይ ክፍሌ የተመለስኩ።

የወዳጄ አርባ የወጣ ቀን ጠዋት ማንንም ሳልጠራ ብረቱን ጨበጥኩ። ቀዝቃዛ ነበር፣ ጤዛ ይዞታል። አሥራ ሁለቱን ወረድኩ፣ መንገዱን ተሻገርኩ፣ ግቢዋ ገባሁ። ልጇ ደጅ ላይ ተቀበለችኝና እጄን ይዛ፣

«እናቴ ልትሞት ዋዜማውን እንኳ ‹እኒያ ሰዎች ዶሮዋን ምነው ባወረዱልኝ› ትል ነበር» አለችኝ።

ለቅሶ ላይ ያላፈሰስኩትን እዚያ አፈሰስኩት።

ስመለስ ልጄ በር ላይ ጠበቀኝ። «እማዬ፣ ብቻዎን ወረዱ! አሁንስ ታረቅን?»

«ከደረጃው ጋር ታርቄያለሁ» አልኩት።

የነፍስ አባቴ እጅ ድኗል፣ መስቀሉም ተመልሷል፤ ልጅሽን ይቅር በይው ብለውኛል፣ እሞክራለሁ ብያለሁ። ጠዋት ጠዋት ኪዳን ልሄድ ስወርድ ግን ብረቱን በቀለበቴ እየመታሁ ነው የምወርድ፤ ኳ፣ ኳ፣ አሥራ ሁለት ጊዜ። ልጄ እታች በመስኮቱ ሥር ተኝቷል። ይስማ።