ማንም ያላመጣው መርዶ

ወንድሜ የአየር ኃይል አብራሪ ነበር። ነበር ልበል፣ ነው ልበል፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። በጦርነቱ ጊዜ ቦምብ ሊጥል ወጣ፤ አልተመለሰም። አውሮፕላኑም እሱም አልተገኙም። በሬዲዮ ዒላማው መመታቱን ሰማን። ስላልተመለሰው ሰው የተባለ ነገር የለም። ከሳምንት በኋላ አለቃው ለአባቴ ደውሎ፣ ልጁ ያለበት ሁኔታ አይታወቅም አለው። አባቴ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ቀረ።

እኔ ያን ጊዜ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርሁ። ጄቶቹ በጣና ላይ አልፈው ወደ ሰሜን ሲሄዱ፣ ከሐይቁ ዳር ቆመን እጃችንን እናውለበልብ ነበር። የሚሄዱበት ቦታ ማን እንዳለ አስቤ አላውቅም። አሁን አስባለሁ። እዚያም እናት አለች። ይህን ቤት ውስጥ አልናገርም።

እኛ ዘንድ መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው። ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ገና ሳይነጋጋ በር ያንኳኳሉ። እናቴ ይህን ስለምታውቅ ጠዋት በር መክፈት ትታ ነበር። የምከፍተው እኔ ነበርሁ።

አንድ እሑድ ግን ቀደመችኝ። በሩ ላይ ሦስት ሽማግሌዎች አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። አላናገረቻቸውም። አንድ ጊዜ ጮኸችና መሬት ላይ ወደቀች። ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። እኔም አለቀስሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ቀለል ያለኝም ይመስለኛል። መጠበቁ አለቀ ብዬ ነው። የእድሩ ሰዎች ድንኳን ተከሉ፣ ሴቶቹ እናቴን ጥቁር አለበሷት፣ ንፍሮ ተቀቀለ። ሦስቱ ሽማግሌዎችም ከሕዝቡ ጋር ተቀምጠው ያለቅሳሉ።

ረፋድ ላይ አባቴ ከትልቁ ሽማግሌ አጠገብ ተቀመጠ። የት እንደወደቀ፣ ሬሳው ተገኝቶ እንደሆነ ጠየቃቸው። ሽማግሌው ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ።

«ጌታዬ፣ እኛ የምናውቀው ነገር የለም» አሉት። «ከዱርቤቴ ነው የመጣነው፤ ሴት ልጅዎን ለልጃችን ልንጠይቅ። እናትየዋ ሲጮኹ፣ ሐዘን ላይ ደረስን ብለን አብረን አለቀስን።»

አባቴ የእድሩን ዳኛ ጠርቶ ነገረው። ዳኛው ሰው ከግሽ አባይ ሳይቀር እየመጣ መሆኑን፣ የተተከለ ድንኳን በሦስተኛው ቀን እንጂ በዚያው ቀን እንደማይነቀል አስረዳው። አንዲት ሴትዮ ደግሞ፣ ዞሮ ዞሮ የማይቀር ልቅሶ ነው፣ ይውጣላት አለች። አባቴ እናቴ ወዳለችበት ክፍል አየ። እንዳይነግራት ፈለግሁ።

«አባዬ፣ ተወው። ሞቷል» አልሁት።

«አይተሃል?» አለኝ።

አላየሁም። እሱ ወደ እናቴ ገባ።

እናቴ ሰምታው ስታበቃ ጥቁሩን አወለቀች። ሴቶቹን፣ በሏ ተነሡ፣ እኔ ቤት የሞተ የለም አለቻቸው። እነሱም እየተያዩ ወጡ። ከዚያ ሽማግሌዎቹን አስጠርታ አስቀመጠቻቸው። ፊቷን ታጥባለች፤ ዓይኗ ግን አብጧል። የመጡበትን ጉዳይ እንደገና ከራሳቸው አፍ እንዲነግሯት ጠየቀች። ነገሯት። እኅቴ ጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር።

«ልጃችሁ ደግ ልጅ ነው መሰል» አለች እናቴ። «ግን ወንድሟ ሳይመጣ አልድራትም።»

ሽማግሌዎቹ ተነሡ። እግዜር በሰላም ያምጣው ብለው መርቀው ሄዱ። እኅቴ አባቴን አየችው። አባቴ ወለሉን ያያል። እኔም አንድ ቃል አልተናገርሁላትም። በዚያ ቀን ወንድሜን አንዴ ገድየዋለሁ፤ ደግሞ ምን ልበል?

ባለፈው ዓመት ያ የዱርቤቴው ልጅ ሌላ አገባ። የነገረችኝ እኅቴ ናት። ልብስ እያጠበች ነበር፤ ቀና እንኳ አላለችም።