እማማ ውሃ መጠጣት ያቆሙበት ክፍል

ፖሊስ የያዘን ረፋድ ላይ፣ እስራኤል አገር ቤርሼቫ ከተማ ውስጥ፣ «ጎንደር የቀሩት ቤተሰቦቻችን ይምጡልን» ብለን መንገድ ስንዘጋ ነው። ሽኩና ጊሜል በሚባለው ሰፈር ትምህርት ቤት ሳይንስ ማስተማር ከጀመርኩ ዓመት አልሞላኝም ነበር።

የታሰርንበት ክፍል አራት እርምጃ በሦስት ነው። ለካሁት፤ መለካት ያረጋጋኛል። ሁለት የብረት አልጋ፣ የክሎሪን ሽታ፣ ጥግ ላይ እስከ ጉልበት በሚደርስ ግድግዳ የተከለለ መጸዳጃ። ከጣሪያው ካሜራ ወደዚያው ያያል። አብረውኝ የታሰሩት እናት ልጃቸው ጎንደር የቀረችባቸው ነበሩ። ካሜራውን አዩና ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ተቀመጡ።

በማግስቱ ውሃ እንደማይጠጡ አስተዋልኩ።

«እማማ፣ ትንሽ ይቅመሱ እንጂ።»

«ውሃማ መውጫ ይፈልጋል፣ ልጄ።»

ያን ቀን ሆቬሹ፣ የጤና ረዳቱ፣ በበሩ መስኮት ብቅ ብሎ ደህና ናቸው ወይ አለኝ። ተረጎምኩላቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። እሱስ ደህና ነው? እናቱስ?»

ቃል በቃል አደረስኩ። ሳቀ፤ «ደህና» ብሎ ጻፈና ሄደ። የሰላምታ መልስ መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። ትርጉሜ ትክክል በመሆኑ ደስ ብሎኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጥርሳቸው ይንገጫገጭ ነበር። ከጎድናቸው በታች ጀርባቸውን ይዘዋል። ስነካቸው ያቃጥላሉ።

«ሽንት ሲሸኑ ያቃጥልዎታል?»

«እናት አላሳደገችሽም? እንዲህ ያለ ይጠየቃል?»

ማስረዳት ጀመርኩ፤ ሌላ የማውቀው ነገር የለም። ኩላሊት ሁለት ነው፣ ደም ያጣራል፤ ሽንቱ በሁለት ቀጭን ቱቦ ወደ ፊኛ ይወርዳል። የሴት መውጫ አጭር ስለሆነ ጀርም ቶሎ ይገባል። ሽንት ሲወጣ ጠርጎት ይሄዳል። ሽንቱ ሲታገድ ግን ጀርሙ ይራባል፣ ሽቅብ ይወጣል፣ ኩላሊት ይደርሳል፤ ከዚያ ደም ውስጥ ይገባል።

«ደም ውስጥ ከገባስ?»

ተነሥቼ ወደ በሩ ሄድኩ።

በሩን ደበደብኩ። ጠባቂዋ መጣች። «ደህና ነኝ ብላለች፤ አንቺው ነሽ የተረጎምሽው» ብላ ተመለሰች። እጄ እስኪያብጥ ደበደብኩ። ሆቬሹ የመጣው ከምሳ በኋላ ነው። እማማ በወንድ ፊት እንደማይናገሩ ስለማውቅ የታመምኩት እኔ ነኝ አልኩት፤ ማቃጠሉንም፣ ጀርባውንም፣ ትኩሳቱንም በራሴ ላይ ዘረዘርኩ። ግንባሬን ነካ። ቀዝቃዛ ነው።

«አታሹፊብኝ» ብሎ ዞረ።

እማማ ግድግዳውን ይዘው ተነሡ።

«አስተማሪ አይዋሽም» አሉኝ። ከዚያ ባላቸው ጥቂት ዕብራይስጥ «አኒ ሆላ» አሉት፤ የታመምኩት እኔ ነኝ። የሽንት መመርመሪያ ብልቃጥ ራሳቸው እጃቸውን ዘርግተው ጠየቁ። ነጠላቸውን ሰጡኝና በካሜራው ፊት ወጥሬ ቆምኩ። ጠባቂዋ «መጋረድ ክልክል ነው!» ብላ ጮኸች። እጄን አላወረድኩም። የወጣው ጥቂት ነበር፤ ደፍርሶ ቀልቷል። ክዳኑን አጥብቀው ገጠሙ፤ በመሐረባቸው ጠቀለሉና በሁለት እጃቸው አቀበሉት።

ሆስፒታል ተወስደው ሕይወታቸው ተረፈ። አንዱ ኩላሊታቸው አልዳነም። ልጃቸው ከጎንደር የመጣችው እሳቸው ከሞቱ በኋላ ነው።

ይህ ከሆነ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። ዛሬም የሽንት አካላትን ትምህርት አስተምራለሁ። ልጃገረዶቹ ይስቃሉ፤ እስኪበቃቸው እጠብቃለሁ። ሳትስቅ አንገቷን የደፋች ካለች ግን፣ ሌሎቹ ሲወጡ ሄጄ አጠገቧ እቀመጣለሁ።