እናቴና የፕሮፌሰሩ የፈተና ወረቀት

በሐምሌ ሙቀት ጅቡቲ የሚቀር ሰው ወይ ሥራ አስሮታል፣ ወይ የሚሄድበት አጥቷል። እናቴን ያስቀራት ግን ታናሽ ወንድሜ ነው።

እኔ ካርቲየ 5 የሚባለው ሰፈር የኤሌክትሪክ ማራገቢያ እሸጣለሁ፤ እሱ የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ነው። ሙቀቱ እግሯን ስለሚያሳብጣት ዘንድሮ ክረምቱን ከእኛ ጋር እንድታሳልፍ ብዬ ድሬዳዋ ቤት ተከራየሁ። ባለቤቴና ልጆቼ ሻንጣ አሰሩ። እናቴ ግን «ወንድምህ አርሞ ይጨርስ» አለች።

ፕሮፌሰር ደግሞ አርሞ አይጨርስም። ዋናውን ፈተና ያርማል፤ የወደቁት በድጋሚ ይፈተናሉ፣ ያንንም ያርማል። በመሀል የመመረቂያ ጽሑፍ ያነባል፣ ስብሰባ ይቀመጣል፣ ነጥብ አነሰብኝ የሚለውን ሁሉ ለቅሶ ይሰማል። ደንበኛ እንዲህ ቢያለቅስብኝ ሱቄን ዘግቼ እሄድ ነበር።

የሚያርመው እናታችን ሳሎን ነው፤ እሱ ቤት ሕፃናት ይንጫጫሉ። ከሱቄ ምርጡን ማራገቢያ አምጥቼ ተከልኩላት። በማግስቱ ስመጣ አጥፍታው፣ በካርቶን ታራግባለች።

«ተበላሸ እንዴ?»

«ቀስ ብለህ አውራ! ወረቀቱን በተነበት።»

«ድንጋይ ይጫንበታ!»

«የሰው ልጅ ዕጣ ላይ ድንጋይ ይጫናል? አንተ ደግሞ!»

ሽበት አውጥቼ በወረቀት ቀናሁ።

ወንድሜን በረንዳ ላይ ጠራሁት። «አንተ ንገራት። ያንተን ትሰማለች።»

«ነገርኳት እኮ፣ ወንድም ጋሼ። ቢሮ ሄጄ ላርም ብላት ማን ያበላሃል ብላ አለቀሰች።»

«እንግዲያው ቶሎ ጨርስ! ለሁሉም ማለፊያዋን ስጣቸውና እንገላገል።»

ሳቀ። «የአንዷን ተማሪ መልስ ደጋግሜ አነበብኩት። ትክክል ትሁን፣ ትሳሳት፣ አሁንም አልለየልኝም። ተሳስታ ካሳለፍኳት ነገ ልጆች ታስተምራለች። ትክክል ሆና ከጣልኳት ደግሞ ያለ ጥፋቷ ዓመት አቃጠልኩባት።»

ሥራው እንዲህ የሚያስጨንቀውን ሰው መጥላት ከባድ ነው። ቢሆንም ሞከርኩ።

ባለቤቴንና ልጆቼን ባቡር አሳፍሬ እኔ ቀረሁ። እናቴን ለሱ ብቻ ልተውለት? አሁን በየቀኑ ከሰዓት በኋላ፣ ከተማው ሲያሸልብ፣ ላብ በላብ ሆኜ ሳሎኑ ጥግ እቀመጣለሁ። እሱ ያርማል፣ እሷ እሱን ታያለች፣ እኔ እሷን አያለሁ።

ትናንት ድንገት አስነጠስኩ። ይማርህ ያለኝ እሱ ነው። እሷማ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ «እሽሽ!» አለችኝ።