አባ ቆልፍና የበሩ ካሜራ

ባለቤቴን የሥራ ባልደረቦቹ «አባ ቆልፍ» ይሉት ነበር። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የአንድ ፋብሪካ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበር። የመውጫ ሰዓት ደርሶ ሌላው ሰው ሲሯሯጥ እሱ ወደ ኋላ ይቀርና ሚዛኑን፣ የጽሕፈት መኪናውንና ስልኩን በልካቸው ባሠራው የቆርቆሮ ክዳን ይሸፍናል፤ አቧራ እንዳይገባባቸው፣ አይጥም ገመዳቸውን እንዳትበላ። ከዚያ በሩን ቆልፎ፣ መቀርቀሪያውን ወዝወዝ አድርጎ ሞክሮ ይወጣል። «ሚስትህንም ከድነሃት ነው የመጣኸው?» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። እሱም ይስቃል። ሲስቅም ድምፅ የለውም፤ ትከሻው ብቻ ነው የሚነቃነቀው።

አሁን ብዙ ነገር ይረሳል። የልጃችን ስም አንዳንዴ ይመጣለታል፣ አንዳንዴ «ያቺ ልጅ» ይላታል። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ኮቱን ለብሶ ወጣና ጎረቤቱ ሁሉ ሲፈልገው ውሎ፣ ድሮ ይሠራበት ከነበረው ፋብሪካ አጥር ሥር ቆሞ ተገኘ።

ልጃችን የምትሠራው ሌላ ከተማ ነው። ይህን ስትሰማ ስልክ ላይ አለቀሰች፤ ብዙም ሳትቆይ ካሜራ የሚገጥሙ ሰዎች ላከች። አንዱ በግቢው በር፣ አንዱ በጓሮ፣ አንዱ ሳሎን ተሰቀለ። በባትሪና በዋይፋይ ነው የሚሠሩት። ቤታችን ወደ ውስጥ ረጅም ስለሆነ፣ ዋይፋዩን እየተቀባበሉ የሚያዳርሱ ነጫጭ ሳጥኖች ሳሎን፣ ኮሪደርና ወጥ ቤት ተቀመጡ። እሷ ካለችበት ሆና አባቷን በስልኳ ታያለች።

የበሩ ካሜራ ግን አመሻሹ ላይ ከስልኳ ይጠፋባታል፤ ጠዋት ይመለሳል። በደወለች ቁጥር ድምፅዋ እየተለወጠ መጣ። በመጨረሻም የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ቦታ እንዳገኘችለት ነገረችኝ።

«እማዬ፣ በሩን ካላየሁ እንቅልፍ የለኝም። ካሜራው ካልተስተካከለ አባዬን እወስደዋለሁ» አለችኝ።

ልጄ ክፉ አይደለችም። ልከራከራትም አልቻልኩም። እሱ ከወጣ ሮጬ የምደርስበት ጉልበት የለኝም።

የካሜራ ባለሙያ ጠራሁ፤ ጎልማሳ፣ ረጋ ያለች ሴት መጣች። መሰላል ላይ ወጥታ ባትሪውን አየች፤ ሙሉ ነው። ካሜራውን አጥፍታ አበራችው። ከዚያ ስልኳን ስትመለከት ካሜራው ቅርቡ ያለውን የኮሪደሩን ሳጥን ትቶ የወጥ ቤቱን ይዞ አገኘችው፤ ሩቅ ስለሆነ ሲግናሉ ይደክምበታል አለችኝ። ወደ ኮሪደሩ መለሰችው፤ ሠራ። እሷ ከሄደች በኋላ እንደ ልማዱ ጠፋ።

ተመልሳ ስትመጣ ካሜራው ምንም እንከን አልተገኘበትም።

«እማማ፣ ይሄ ካሜራ እንደ ልጅ ነው፤ እንግዳ ሲያይ ጨዋ ይሆናል» ብላ ሳቀች።

እኔ መሳቅ አቃተኝ። ስለ አረጋውያኑ መኖሪያ ነገርኳት። የዕቃ ቦርሳዋን አስቀምጣ፣ ካሜራው እስኪጠፋ ድረስ ከዚህ እንደማትነሣ ነገረችኝ።

ሳሎን ተቀምጠን ሳለ የድሮው የሥራ መውጫ ሰዓት ደረሰ። ባለቤቴ ከወንበሩ ተነሥቶ ወደ ኮሪደር ገባ። ጥቂት ቆይታ ባለሙያዋ ከስልኳ ቀና አለችና፣ ካሜራው ጠፋ፣ አለችኝ በቀስታ። ተከተልነው። ኮት ከምንሰቅልበት ኋላ፣ ዝቅተኛው መደርደሪያ ላይ፣ የእኔን የክር መያዣ ቆርቆሮ በነጩ ሳጥን ላይ ደፍቶበት፣ ገመዱ እንዳይቆነጠጥ በጣቱ ያስተካክላል። ቆርቆሮው ከጠፋኝ ሰነባብቷል፤ ክሮቼን መሳቢያ ውስጥ ተዘርግፈው አግኝቼ፣ የእሱ ሥራ ነው ብዬ ትቼው ነበር። ለካ ጠዋት ከእኔ ቀድሞ እየተነሣ የሚገልጠውም እሱ ነው።

ባለሙያዋ ቆርቆሮው ሲግናሉን እንደሚያፍነው አንሾካሾከችልኝና ልታነሣው እጇን ዘረጋች። እጇን ያዛት።

«ተዪው እሱን። አይጥ ከበላችው ነገ የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

«ልክ ነዎት፣ አባባ» አለችው። «አይጥ የማትደርስበት ቦታ ብንሰቅለውስ?»

አሰበበት። ግድግዳውን በዓይኑ ለካ። ከዚያ ራሱ ሄዶ መሰላሉን አመጣላትና እስክትጨርስ ድረስ በሁለት እጁ አጥብቆ ያዘላት። ሳጥኑን ከኮርኒሱ ሥር ሰቀለችው። ቆርቆሮውን ለእኔ መለሰልኝ፤ ማን እንደወሰደው ግን አላወቀም።

ከዚያ ወዲህ የበሩ ካሜራ ጠፍቶ አያውቅም። እኔም በሌላ በኩል መፍራት ጀመርኩ፤ የሚሠራ ካሜራ ሁሉን ያሳያል። ልጄ ደወለች። በየቀኑ እንዳየችው ነገረችኝ። አመሻሹ ላይ ኮቱን ለብሶ ወደ በሩ ይሄዳል፤ መቀርቀሪያውን ሲይዝ እሷ ትንፋሿን ትውጣለች። ወዝወዝ አድርጎ ይሞክረውና ጀርባውን ሰጥቶ ይመለሳል።

«ሊወጣ አይደለም እማዬ፤ ሊቆልፍ ነው» አለችኝ። ቀጥላም እንዲህ አለች፦ «ለአሁኑ እዚያው ይቆይ።»

ለአሁኑ ማለቷን ልብ ብያለሁ። ቢሆንም አመሰገንኳት።

ስልኩን ዘግቼ ወደ ግቢ ስወጣ በሩን ፈትሾ ሲመለስ አገኘሁት። እንደ ሥራ ባልደረባ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጠኝ።

«አንቺም ቤትሽ ሂጂ እንጂ፤ ባልሽ ይጠብቅሽ የለም?» አለኝ።

«ይጠብቀኛል» አልኩትና ክንዱን ይዤ አብረን ገባን።