አልረጋ ያለው ሞተር

«ደጅሽን ብመታው እጄ እስኪቆስል…» ይላሉ ሽማግሌው መካኒክ፤ ተከታዩ ስንኝ ስለጠፋባቸው በአፍንጫቸው ያንጎራጉሩታል። ቱታቸው በዘይት ጠቁሯል፤ የሸሚዛቸው አንገትጌ ግን ሁልጊዜ እስከ ጉሮሯቸው የተቆለፈ ነው።

አማቻቸው፣ የልጃቸው ባል፣ ቀይሮ የገጠመው ሞተር ነዳጅ ሳይረግጡት ይጮኻል፤ ሚኒሞው፣ መኪናው ቆሞ ሳለ የሚዞርበት ፍጥነት፣ አልወርድ ብሏል። የጋራዡ ባለቤትም «እስከ ምሳ ሰዓት ካልረጋ ከነመፍቻህ ውልቅ ትላለህ!» ብሎ ዝቶበታል።

«አባባ፣ በሞቴ ጆሮዎን ያውሱኝ፤ ሦስቴ ፈታሁት እኮ!» አለ አማቹ ከመሪው ኋላ ሆኖ።

በተከፈተው ኮፈን ስር ጎንበስ አሉ። ከሞተሩ ጀርባ አንዲት ቀጭን ቱቦ ሳትሰካ ተረስታ ተንጠልጥላለች፤ ባዶው ቀዳዳ አየር ይምጋል። በአውራ ጣታቸው ቢደፍኑት፣ ሞተሩ ጡት እንደያዘ ሕፃን ጸጥ አለ።

«ወረደ! ወረደ! ምኑን ነኩት አባባ?»

ጣታቸውን አነሱ። ጩኸቱ ተመለሰ።

«እኔ ምን አውቄ? ልጄን ‹ደረጃ ጣላት› አላልከኝም? ይሄንንም ደረጃ ጥሎት ይሆናል።»

ሄደው እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ። የጋራዡ ባለቤት ሰዓቱን እያየ ሲመጣ፣ እሳቸው አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው፣ ልጃቸው ባልተሰበረው እጇ የቋጠረችላቸውን ምሳ ፈተው ቀስ ብለው መብላት ጀመሩ።