አንድ ቃሬዛ፣ ሁለት ቁስለኛ

ከውጫሌ በላይ ያለው ኮረብታ ዛሬ ባሕር ዛፍ ለብሷል። እኛ ስንወጣው መላጣ ነበር። መከታ የሚሆነን ጥቂት ድንጋይና አንድ የተናደ የእርከን ካብ ብቻ ነበረው። ሐይቅ ከተማ ያለ አንድ ትምህርት ቤት በየዓመቱ ስለ ግንባር ለተማሪዎች እንዳወራ ይጠራኛል። ማይክራፎን ይሰጡኛል። እኔም ስለ ብርዱ፣ ስለ ደረቁ ብስኩት፣ ስለ ጓዶቼ ቀልድ አውርቼ እወርዳለሁ። ያጨበጭቡልኛል። ይህን ግን በጭብጨባ መሃል መናገር ስላልሆነልኝ በጽሑፍ ይድረሳችሁ ብያለሁ።

የመቶ ጦራችን የመጀመሪያ እርዳታ ሰጪ ነበርኩ። ማዕረጌ ተራ ወታደር፣ ትምህርቴ የሦስት ወር ኮርስ፣ ስሜ ግን «ሐኪም» ነበር። ወታደር ትከሻ ላይ የመድኃኒት ቦርሳ ካየ ሌላ ማስረጃ አይጠይቅም። ኮርሱን የሰጡን ሻምበል ቁጡ ሰው ነበሩ፤ ከሁሉ አጥብቀው ያስጠኑን አንድ ነገር ነበር። «ቁስለኛ ሲበዛባችሁ የሚጮኸውን ለጊዜው ተዉት» ይሉ ነበር። «የሚጮኽ ሰው ትንፋሽ አለው። ዝም ያለውን ፈልጉ።»

አስር አለቃ መላኩ የአርሲ ልጅ ነበር፤ ቁመቱ ረዥም፣ ንግግሩ አጭር። ጫማዬ አፉን ሲከፍት በሲባጎ የሰፋልኝ እሱ ነው። የሐይቅ ልጅ መሆኔን ከሰማ ጀምሮ አባቴን ዓሣ አጥማጅ አድርጎታል። «ይኼ ነገር ሲያልቅ የአባትህን ዓሣ ሳልበላ አልሄድም» ይለኛል። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው፣ ጀልባ ላይ ወጥቶም አያውቅም ብለው አይሰማኝም። ሰፊ መሆኑን ያመነልኝ ሱሪው የተቀደደ ቀን ብቻ ነው።

ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መድፍ ጀመረ። ሲነጋ እግረኛው መጣ። ያን ጊዜ ጠላት እንላቸው ነበር። ሁለት ጊዜ መለስናቸው። ረፋዱ ላይ ጥይት አነሰን። አራት ሰዓት ገደማ በሬዲዮ ትእዛዝ መጣ፤ ኮረብታውን ለቃችሁ ከአስፋልቱ ማዶ ያዙ ተባልን። መቶዋ በሁለት ተከፍላ መውረድ ጀመረች። የኛ ቡድን የመጨረሻዋ ነበረች።

መላኩ የተመታው ቁልቁለቱ አጋማሽ ላይ ነው። አልወደቀም፤ ሆዱን ይዞ ካቡ ጥግ ተቀመጠ። ተመልሼ ወደ እሱ ሮጥኩ። ይህ እውነት ነው፤ ሰው የሚያመሰግነኝም በዚሁ ነው። ሸሚዙን ገልጬ አየሁ። ከእምብርቱ በስተግራ ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ የሚፈሰው ደም ብዙ አይደለም። ፋሻውን እያዞርኩለት ሳለ እኔም ጭኔን ተመታሁ። ቀበቶዬን ፈታሁ። ከቁስሉ በላይ አሰርኩት። በእንጨት ጠምዝዤ አጠበቅሁት። ከዚያ በኋላ መጮኽ ጀመርኩ። እናቴን ጠራሁ፣ ቅዱስ እስጢፋኖስን ጠራሁ፣ ኮርስ የሰጡኝን ሻምበል ሰደብኩ። መላኩ አጠገቤ ዝም ብሎ ተቀምጧል።

ጓዶቻችን ርቀው ነበር። ተኩሱ ወደ አስፋልቱ ወረደና ሁለታችን ከኋላ ቀረን።

ቀትር ላይ አራት ሰዎች ቃሬዛ ይዘው ከታች ካለው መንደር ወጡ። ቅሬ የሚባለውን የማታውቁ ካላችሁ፣ በወሎ አንድ መንደር ሙስሊም ክርስቲያን ሳይል ሬሳ የሚቀብርበት፣ የታመመውንም ተሸክሞ መኪና መንገድ የሚያደርስበት ማኅበር ነው። ቃሬዛው የጋራ ነው። ያን ቀን የመንደሩ ሰው ወደ ሸለቆው ሸሽቶ ስለነበር ሸክም የሚችል ወንድ የተገኘው አራት ብቻ ነው። ከአራቱም ሦስቱ ሽማግሌዎች ናቸው። ፊት ፊት የሚመጡት የቅሬው ዳኛ፣ ማለት መሪው፣ ጋሽ ይማም ነበሩ።

«ከየትኛው ወገን ነህ ብዬ አልጠይቅህም» አሉኝ። «ከቅሬያችን መሬት ላይ ወድቀሃል፣ በቃ። አብሽር፣ አይዞህ።»

ከዚያ ሁለታችንን ተራ በተራ አዩ። ያለው አንድ ቃሬዛ ነው። ተኩሱን ዞሮ መኪና የሚገኝበት ደርሶ ለመመለስ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ዓይናቸው ቦርሳዬ ላይ አረፈ።

«ሐኪሙ አንተ ነህ?»

«አዎ።»

«እንግዲያ ንገረን። ማንን እናስቀድም?»

መላኩ ቀና ብሎ አየኝ። ከንፈሩ ነጥቷል። ፀሐዩ እያቃጠለ እጁ በረዶ ሆኗል፤ ግንባሩን ያራሰው ላብም ቀዝቃዛ ነው።

«ሐኪም፣ አንተ ታውቃለህ» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

እኔም «እየደማሁ ነው» አልኩ። «እኔን አድርሱና ለሱ ተመለሱ።»

አራቱ አነሱኝ። ቃሬዛው በተነቀነቀ ቁጥር «ቀስ በሉ እንጂ!» እያልኩ ተቆጣሁ፤ አባቴ የሚሆኑ ሰዎች ናቸው። ጋሽ ይማም በራስጌዬ በኩል ሆነው «አብሽር ልጄ፣ አብሽር» ይሉኛል። ቃሬዛ ላይ የተኛ ሰው አንገቱን አዙሮ ወደ ኋላ ማየት ይችላል። እኔ ሰማይ ሰማዩን አየሁ።

በጭነት መኪና ሐይቅ ደረስኩ። ሐኪም ቤት ውስጥ ቀበቶውን የፈታችው ነርስ ቁስሉን አገላብጣ አየችና «ማን አሰረልህ?» አለችኝ። «ጎበዝ ነው። ደሙ ከቆመ ቆይቷል።»  ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ከሐኪም ቤት ስወጣ ጎረቤት በግ አረደ። ጓዱን ጥሎ ያልሸሸ ተባልኩ። አባቴ ሥራውን ትቶ በየቤቱ አወራው። መላኩ እዚያው ካቡ ጥግ መሞቱን የሰማሁት በዚያው ሰሞን ነው። ከዚያ በኋላ እንዲህ እያልኩ ራሴን አባበልኩ፦ የሦስት ወር ኮርስ ያለው ሰው ምን ያውቃል? ሕመሙ አሳስቶኝ ይሆናል። የሱ ቁስል እኮ ብዙ አልደማም። በዚህች ማባበያ ሁለት ዓመት ኖርኩ።

መንገዱ ሰላም ሲሆን በምርኩዝ ወደዚያ መንደር ወጣሁ። ጋሽ ይማምን ማሽላቸውን ሲጠብቁ አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ ስትመለሱ ሞቶ ነው ያገኛችሁት?»

«ሞቶ ነው።» ወንጭፋቸውን መሬት አስቀመጡና «ገላው ግን ገና ሙቅ ነበር» አሉ። «ወላሂ፣ አልዋሽህም።»

ማዕተቡን አይተው ክርስቲያን መሆኑን አውቀዋል። ቄሱን ከሸሹበት ፈልገው አምጥተው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቀብረውታል። መቃብሩን አሳዩኝ፤ ዙሪያው በድንጋይ ተከቧል፣ አረሙ ተነቅሏል። እንዲሰድቡኝ ፈልጌ ነበር የሄድኩት። ቢሰድቡኝ የሚቀለኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ሥራ አለህ ወይ ብለው ጠየቁኝ። የለኝም አልኩ።

«ቅሬያችን ሐኪም የለውም» አሉ።

«እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ጋሼ።»

«ቦርሳ ነበረህ።»

እንዲህ ሆኖ ውጫሌ ባጃጅ ማቆሚያው አጠገብ ቤት ተከራየሁ። ስልክ እየጠገንኩ እኖራለሁ፤ ቅሬው ሲደውልልኝ ቦርሳዬን ይዤ እወጣለሁ። እግሬ ሸክም አይችልም። ቁስል እጠርጋለሁ፣ በፋሻ እጠቀልላለሁ፣ ቃሬዛውን እያነከስኩ እከተላለሁ። ያኔ ወስን ሲሉኝ ግን «ሐኪም ቤት ያውቃሉ» እል ነበር። ሰውም ትሑት ነው ይለኝ ነበር። ትሕትና አልነበረም፤ ራሴን አላምነውም ነበር።

ባለፈው ክረምት ዝናብ የመንደሩን መንገድ ቆረጠው። ከገበያ የሚመለስ ባጃጅ ከጠርዙ ተንሸራቶ ተገለበጠ። ስደርስ ቅሬው ቃሬዛውን ሰይድ አጠገብ አድርሶታል። ሰይድ ከሳዑዲ ከተመለሰ ወር ያልሞላው ጎረምሳ ነው። የእግሩ አጥንት ቆዳውን ቀዶ ወጥቷል፤ ጩኸቱ ማዶ ለማዶ ያስተጋባል። እትዬ ትርንጎ የሚባሉ ገበሬ ሴት ደግሞ ፈንጠር ብለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

«እኔ ደህና ነኝ» አሉ። «ልጁን አንሱት።»

አንድ ቃሬዛ ነበር። ሌላ ከጎረቤት ቅሬ እስኪመጣ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ጋሽ ይማም ወደ እኔ ዞሩ።

«ማንን እናስቀድም?»

ቃሉን ሆን ብለው ደገሙት ወይስ እንዲያው ወጣቸው፣ ያን ጊዜ አላወቅሁም።  ጎንበስ ብዬ የእትዬ ትርንጎን እጅ ያዝኩ። በረዶ ነው። ግንባራቸው ላይ ላብ አለ። ከግራ ጎድናቸው ሥር ስነካቸው ድምፅ ሳያሰሙ ጥርሳቸውን ነከሱ። ያን እጅ አውቀዋለሁ።

«እሳቸውን» አልኩ።

የሰይድ ታላቅ ወንድም አንገቴ ሥር ልብሴን ጨምድዶ ያዘኝ። «አጥንቱ ወጥቶ እያየህ? አላህን አትፈራም?»

«እሳቸውን» አልኩ እንደገና። 

ጋሽ ይማም በእጃቸው ምልክት ሰጡ፤ ቃሬዛው ወደ እትዬ ትርንጎ ዞረ። እኔ ከሰይድ ጋር ቀረሁ። እግሩን በእንጨት ደግፌ አሰርኩለት። እስከ ሰባት ቤቴ ሰደበኝ። «አብሽር» አልኩት፤ ሌላው ቃሬዛ እስኪመጣም እጁን አለቀቅሁም።

እትዬ ትርንጎ ደሴ ሐኪም ቤት በዚያው ቀን ሆዳቸው ተከፈተ። ጣፊያቸው ተቀዶ ደሙ ወደ ውስጥ ሲፈስ ነበር። ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ አታገኟቸውም ነበር ተባለ። በሳምንታቸው ድነው ተመለሱ። ሰይድም እግሩ ገጠመለት፣ እንደኔው ትንሽ ያነክሳል። አሁን ጎን ለጎን እኩል እያነከስን ስንሄድ እሱ ራሱ «የቅሬው ሰልፈኞች» እያለ ይቀልዳል።

መንደሩ ደስ አለው። «በእጁ ነክቶ አወቀ» እያሉ አወሩልኝ። በቅሬው ስብሰባ ላይ ሲያመሰግኑኝ መሬት መሬት አየሁ። ሐፍረቱ ከቀድሞው ባሰብኝ። የሦስት ወር ኮርስ ያለው ሰው ምን ያውቃል የምላት ማባበያዬ አለቀችብኛ። የእትዬ ትርንጎን እጅ ይዤ ካወቅሁ፣ የመላኩንም እጅ ይዤ አውቄ ነበር ማለት ነው። ኮርሱ ያው ኮርስ፣ የዳሰሰው እጅም ያው እጄ ነው።

ሰው ሲበተን ለጋሽ ይማም ይህንኑ ነገርኳቸው። ካፊያው እስኪያባራ ከዋርካው ሥር ቆመን ነበር። 

«እኔስ?» አሉ። «ስንት ጀናዛ፣ ስንት ሬሳ ያጠብኩ ሰውዬ ካቡ ጥግ የነበረውን ልጅ ፊት አይቼ አላወቅሁም? ሐኪሙ ተናገረ ብዬ አንተን አነሳሁ። ሁለታችንም አውቀን ነበር። ባለፈውም ሆን ብዬ ነው የጠየቅሁህ፤ እንድትመልስልኝ ብዬ።»

 እሳቸው ጋቢያቸውን አስተካክለው መንገድ ጀመሩ። ጥቂት ሄድ ብለው ዞር አሉና «ስልክህን አትዝጋ» አሉኝ።

ኮረብታውን በለቀቅንበት ቀን ከመቶዋ አሥራ አንድ ሰው ሞተ። ኮረብታው ላይ ሰባት፣ ቁልቁለቱ ላይ ሦስት፣ መላኩ ደግሞ ካቡ ጥግ። የአሥሩን ሞት ስናገር ድምፄ አይሰበርም፤ ወታደር ነበሩ፣ እኔም ወታደር ነበርኩ። መላኩ ግን ከተመታ በኋላ እኔን ያመነ ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ በቅሬው ቃሬዛ ብዙ ሰው አውርደናል። ስንት እንደሆኑ ይጠይቁኛል፤ አልቆጥራቸውም። ብቆጥራቸው እሱን በነሱ ልተካው የሞከርኩ ይመስለኛል። ስልኬ ሲጠራ ግን አነሳለሁ፤ ስደርስም በመጀመሪያ ዝም ያለውን እፈልጋለሁ።