የሐይደር የመጨረሻ ገጽ

ሰቆጣ ውስጥ አንድ እግር ጫማ አስይዞ መጽሐፍ የሚነበብበት ሱቅ የዓሲያ ብቻ ነው። ደብተርና እስክርቢቶ፣ ሳሙናና ክብሪት ትሸጣለች፤ የሱቁ ነፍስ ግን የስዕል መጻሕፍቱ ናቸው፤ ታሪካቸው በስዕል የሚሄድ፣ ንግግሩ ከሰዎቹ አፍ አጠገብ በአማርኛና በአገሩ ቋንቋ በኽምጣንጋ የተጻፈ። አንባቢው ግራ ጫማውን አውልቆ ለዓሲያ ይሰጣል፤ በር ላይ ባለው አግዳሚ ተቀምጦ ያነባል፤ መጽሐፉን ሲመልስ ጫማውን ይረከባል። በአንድ እግር ጫማ መጽሐፍ ይዞ የሚሮጥ ሌባ እስካሁን አልተወለደም። ከረባት ያሰረ የመንግሥት ሠራተኛ ሳይቀር አንድ እግሩን በካልሲ አንጠልጥሎ ሲስቅ ማየት ነበር!

ሰዓሊው ታናሽ ወንድሟ ሐይደር ነው። እናታቸው ስትሞት ያሳደገችው እሷ ናት። ባል ሲመጣ "መጀመሪያ ሐይደር ይድረስልኝ" እያለች መለሰች፤ ሐይደር ሲደርስ ባሉም መምጣቱን ተወ። ነጋዴ ዘመዶቻቸው "ልጁን ጨርቅ ንግድ አስገቢው እንጂ፣ ስዕል እንጀራ ይሆናል እንዴ?" ሲሏት "የእኔን መሶብ ማን ክፈቱ አላችሁ?" ትላቸው ነበር። አፏ አይቻልም።

ከተማው ውስጥ የኪነት ዝግጅት በተባለ ቁጥር የሚጠራው ይኸው ሱቅ ነው። በየዓመቱ ለሻደይ በዓል፣ ልጃገረዶቹ ለምለሙን ቅጠል ወገባቸው ላይ አስረው ሲጨፍሩ፣ ዓሲያ ከሱቋ ምሰሶ እስከ ጎረቤት አጥር ገመድ ትወጥርና የሐይደርን ገጾች በልብስ መቆንጠጫ ትሰቅላለች። ሰዉ ከዳር እስከ ዳር እየተራመደ ያነባል።

በጦርነቱ መንገዱ ሲዘጋ ግን ወረቀት ጠፋ። ሐይደር ያን ጊዜ በቆላው በዝቋላ የምትኖር የአንዲት ልጅን ታሪክ ይዞ ነበር። ስርጉት ትባላለች፤ በድርቅ ወራት የጠፋች ፍየሏን ፍለጋ እስከ ተከዜ ትወርዳለች። በእጁ የቀረው አሥራ ሁለት ወረቀት ብቻ ነው። አሥራ ሁለቱንም ሣለና ሲያልቅበት ገልብጦ በጀርባቸው ቀጠለ። ፎቶ ኮፒ ቤቱም ቀለም የለውም፤ ቅጂ የሚባል ነገር የለም። በጥር ወር በአንዱ ማለዳ የታሪኩን መጨረሻ በአሥራ ሁለተኛው ወረቀት ጀርባ ላይ ጨረሰና ተነሣ።

"በእግሬም ቢሆን ወልድያ ደርሼ ወረቀት ይዤ እመጣለሁ። የመጨረሻዋን ገጽ ግን አትያት፣ ስመጣ አብረን ነው የምናያት።"

"ልጅቷ ቤቷ ትመለሳለች ወይስ አትመለስም? እሱን ብቻ ንገረኝና ሂድ።"

"ስመጣ" አላት እየሳቀ። ሄደ።

ይኸው ነሐሴ ገባ፤ ሐይደር የለም። ስልኩ አይጠራም። አንዱ እንዲህ ያለ ቦታ አየሁት ይላል፣ ሌላው ሲጠየቅ ዓይኑን ይሰብራል። ዓሲያ ወረቀቶቹን በፌስታል ጠቅልላ ሣጥኗ ውስጥ አስቀምጣለች። ያቺን አሥራ ሁለተኛዋን ስንት ቀን አውጥታ መለሰቻት! "ያየኋት ቀን፣ ሐይደር አይመጣም ብዬ አመንኩ ማለት ነው" ትላለች። ያረቢ! ሰው በአንድ ወረቀት ጀርባ ተንጠልጥሎ ይኖራል? ዓሲያ ኖረች።

በዚህ መሐል ማህደር መጣች። ማህደር ከደብረ ማርቆስ ተመድባ የመጣች መምህርት ናት፤ የወጣቶቹን የኪነት ማኅበር የምትመራው እሷ ናት።

"እት ዓሲያ፣ ዘንድሮ የሻደይን ትርኢት አዳራሽ ውስጥ እናድርገው። የሐይደር ስርጉትም ትውጣ።"

"እሷ አትወጣም።"

"ከአበርገሌም ከዝቋላም ሰው ይመጣል እኮ። ስዕሉን አይቶ 'የሣለውን ልጅ አውቀዋለሁ' የሚል አንድ ሰው አይጠፋም።"

ዓሲያን የረታት ይኼ ነው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል። በዕለቱ ጠዋት አዳራሹ መሐል ገመዷን ወጠረች። ሰው ፊቱን አንብቦ ሲጨርስ ዞሮ ጀርባውን እንዲያነብ አድርጋ ሰቀለች፤ የመጨረሻዋን ገጽ ዓይኗን ጨፍና በነጠላ ጨርቅ ሸፈነቻት። ከዚያ የሐይደርን ፎቶ ይዛ ወደ መናኸሪያ ወረደች፤ ከቆላ የመጣውን መንገደኛ አንድ በአንድ ጠየቀች። ያየው የለም።

እሷ እዚያ ስትንከራተት ዝናብ ከነንፋሱ መጣ። በአዳራሹ መስኮት ገብቶ ሁለት ወረቀት ከገመዱ ነቅሎ ጣለ። ያን ሰዓት ወለሉን የሚጠርጉት የዓሲያ ጎረቤት እትዬ ባንቺ ነበሩ። ሰቆጣ ውስጥ የቤቱን ግድግዳ በጋዜጣ ማስለበጥ የፈለገ የሚጠራው እሳቸውን ነው፤ የለጠፉት ወረቀት መሸብሸብ አያውቅም። "የሐይደር ሥራማ ጭቃ ላይ አይወድቅም!" ብለው ቤታቸው ሮጡ። ከእርዳታ ስንዴያቸው የተረፈችውን ዱቄት፣ ለራት ያሰቧትን፣ በፈላ ውሃ አማስለው ሙጫ ሠሩ። ተመልሰውም አሥራ ሁለቱንም ወረቀት የአዳራሹ የጭቃ ግድግዳ ላይ ልጥፍ አድርገው ለጠፉ።

ዓሲያ ስትመለስ አዳራሹ ሞልቷል።

"ነይ እዪልኝ፣ ልጄ! ንፋስ ሊበላው ነበር እኮ። ከእንግዲህ ቤቱ ካልፈረሰ አይላቀቅም።"

ክው አለች። "እትዬ ባንቺ... ጀርባውስ?"

"ጀርባው ምን ሆነ? ጋዜጣ መቼ ጀርባ ሳይኖረው ቀርቶ ያውቃል? የሚያምረውን ፊት ወደ ሰው ማዞር ነው። ጨርቅሽንም አጥፌ አስቀምጬልሻለሁ።"

ፊደል አያውቁም፤ ማን ምን ይበላቸው? ማህደር የአንዱን ወረቀት ጫፍ በጥፍሯ ሞከረችው። ወረቀቱ ከነጭቃው ተቦጭቆ መጣ፤ በጀርባው ያለው ቀለም ከሙጫው ጋር ተለውሷል። "ተይው" አለች ዓሲያ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ሰዉ ግድግዳው ሥር ቆሞ አነበበ፣ አጨበጨበም። ስርጉት ወደ ተከዜ ስትወርድ ታያለች። ስትመለስ አትታይም።

እትዬ ባንቺ የሆነው ሲነገራቸው ደረታቸውን መቱ። "አፈር ልብላ! አፈር ልብላልሽ! ያቺን በጨርቅ የሸፈንሻትንማ ስለጥፍ አይቻታለሁ እኮ። ልጅቷ..."

ዓሲያ ዘላ አፋቸውን በመዳፏ ያዘች። እንባዋ ይወርዳል።

"አይንገሩኝ! በፈጠረዎት አይንገሩኝ! አብረን እናያታለን ብሎኛል። ሲመጣ ለሁለታችን ይነግሩናል። ብቻ አይርሷት።"

"እሺ፣ እሺ ልጄ። አልረሳትም።"

ከዚያ ወዲህ ዓሲያ ጠዋት ጠዋት ሱቋን ሳትከፍት እትዬ ባንቺ ቤት ትሄዳለች። በጣሳ ዱቄት ይዛላቸው ትሄዳለች፤ ሲጋግሩ ትቀመጣለች፤ ሲያስሉ ጀርባቸውን ታሻለች። ለእናቷ እንኳ እንዲህ አልሳሳችም።

"እትዬ ባንቺ፣ እንዴት አደሩ? ያቺ ገጽ አለች?"

"አለች እንጂ፣ የት ትሄዳለች!"

ጥቅምት ሲገባ ሳሉ ጠናባቸው። የሰው ስም ያምታቱ ጀመር፤ ዓሲያን በሟች ልጃቸው ስም የጠሩበት ቀንም አለ። ጎረቤቱ "ኧረ ዛሬውኑ ጠይቂያቸው፣ ነገ ይቆጭሻል" ይላታል። "ሐይደር ይመጣል" ትላለች፣ ዱቄቷን ይዛ ታልፋለች።

ትናንትም ሄደች። አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እንደ ልማዷ ጠየቀች።

"እትዬ ባንቺ፣ ያቺ ገጽ አለች?"

አሮጊቷ ፊቷን ትክ ብለው አዩ።

"የቷ ገጽ፣ ልጄ?" አሏት።